ማውጫው ቢሳሳት ፋይሉ አለ

ቦታው ሀዋሳ፣ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ፣ አንዲት የኮምፒውተር ጥገና ቤት ነው። ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ዕድሜያቸውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ያሳለፉ፣ ከጡረታ በኋላ የእድራቸው ጸሐፊ የሆኑ ሰው ናቸው፤ ሰፈሩ ጋሼ ይላቸዋል። ሁለተኛዋ የጥገና ቤቱ ባለሙያ ናት።

ጋሼ፦ ልጄ፣ ይህ ኮምፒውተር የማላውቀው ጠባይ አምጥቷል። የ2009ን የጠቅላላ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ስፈልግ ምንም የለም ይለኛል። እኔው ራሴ ጽፌ ያስቀመጥሁት ነው። ባለፈው ሳምንት ያጠፋሁትን ፋይል ደግሞ አሁንም አለ ብሎ ያወጣልኛል፤ ስነካው አይከፈትም።

ባለሙያዋ፦ ቃለ ጉባኤው የተቀመጠበትን ፎልደር ራሱን ከፍተው አይተዋል?

ጋሼ፦ አይቻለሁ፤ እዚያው አለ፣ ይከፈታልም። በፍለጋ ብቻ ነው እምቢ የሚለኝ።

ባለሙያዋ፦ እንግዲያው ፋይልዎ ደኅና ነው፤ የተበላሸው ማውጫው ነው። መፈለጊያው ላይ ቃል ሲጽፉ ኮምፒውተሩ ፋይሎቹን አንድ በአንድ እየከፈተ አያነብም፤ ያማ ቢሆን ለአንድ ጥያቄ ስንት ሰዓት በፈጀ። ከበስተጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም አስቀድሞ ፋይሎቹን አንብቦ ስማቸውን፣ የተጻፉበትን ቀን፣ የጸሐፊውን ስም፣ ርዕሱን፣ በውስጣቸው ያሉትን ቃላት ሁሉ በአንድ ዳታቤዝ ይመዘግባል። ስለ ፋይሉ የተያዘውን ይህን መረጃ ሜታዳታ እንለዋለን። ለጥያቄዎ መልስ የሚሰጠው ያ ዳታቤዝ ነው።

ጋሼ፦ ይህማ የኛው መዝገብ ቤት ነው! ፋይሉ መደርደሪያ ላይ፣ ማውጫው ጠረጴዛ ላይ። ባለጉዳይ ሲመጣ መጀመሪያ የሚገለጠው መዝገቡ ነው። አንዱ ሠራተኛ ፋይሉን ሌላ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ መዝገቡን ካላስተካከለ፣ ያ ምስኪን ፋይልህ ጠፍቷል ተብሎ ይመለሳል። ፋይሉ ግን ከኋላችን ተቀምጧል።

ባለሙያዋ፦ መዝገቡ ራሱ ቢጠፋስ ምን ታደርጉ ነበር?

ጋሼ፦ ከመጀመሪያው መደርደሪያ እስከ መጨረሻው እየወረድን፣ ፋይሉን አንድ በአንድ እያወጣን እንደ አዲስ እንጽፈዋለን። ያደክማል እንጂ ይቻላል። ፋይሉ ከጠፋ ግን መዝገብ ላይ የሚቀርልሽ ቁጥሩና ስሙ ብቻ ነው።

ባለሙያዋ፦ የዛሬው ሥራችን መሠረት ይኸው ነው። ማውጫ ከፋይሉ የተቀዳ ነው። ቢበላሽ ጥሎ ከፋይሎቹ እንደገና መሥራት ይቻላል። ዊንዶውስ ላይ ከኢንዴክሲንግ ኦፕሽንስ ውስጥ ሪቢልድ የሚል ቁልፍ አለ፤ እርሱን ሲጫኑ ማውጫውን ብቻ ያፈርሰውና ከባዶ ይጀምራል፤ ፋይሎቹን አይነካም። ማክ ላይ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስፖትላይት አለ፤ ሊኑክስ ላይ የጂኖም ተጠቃሚዎች ትራከር ነበራቸው፣ አሁን ሎካልሰርች ይባላል፤ የኬዲኢዎቹ ደግሞ ባሎ አላቸው። ሁሉም ማውጫውን አጥፍቶ እንደገና የሚያስጀምር ትእዛዝ አላቸው።

ጋሼ፦ ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ተጫኚውና እንገላገል።

ባለሙያዋ፦ አሁን ብጫነው ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ነገ ያንኑ ስሕተት መልሶ ሊጽፍልን ይችላል። ማውጫው የሚጽፈው ከፋይሉ ያነበበውን ስለሆነ፣ ፋይሉ ላይ ያለው መረጃ ስሕተት ከሆነ ስሕተቱ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ በመጀመሪያ ስሕተቱ የት እንዳለ እንለይ። ይህ ኮምፒውተር መብራት ሲጠፋ ድርግም ይላል?

ጋሼ፦ ባትሪው ሞቷል። መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

ባለሙያዋ፦ አንደኛው ምክንያት ተገኘ። ማውጫው ሁልጊዜ የሚጻፍ ነገር ነው፤ በመካከል ኃይል ሲቋረጥ ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ይቀራል። ዳታቤዞች ለዚህ መከላከያ አላቸው። ዊንዶውስ 11 የሚጠቀምበት ኤስኪውላይት ለምሳሌ፣ ሊቀይር ያሰበውን አስቀድሞ በመዝጋቢ ፋይል ላይ ያሰፍራል፤ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ያንን አንብቦ የተጠናቀቀውን ይቀበላል፣ ያልተጠናቀቀውን ይተዋል። ግን መከላከያው የሚሠራው ሃርድ ዲስኩ ጻፍሁ ያለውን በእርግጥ የጻፈ እንደሆነ ነው። ያረጀ ዲስክ ይህን ላያደርግ ይችላል። ለዚህ ነው ከሁሉ በፊት የዲስኩን ጤንነት አይቼ ሰነዶችዎን ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ የምገለብጠው። ሪቢልድ ማለት እያንዳንዱን ፋይል ማንበብ ማለት ነው፤ ሊሞት የተቃረበን ዲስክ እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ማዋል ፋይሉንም ሊያሳጣን ይችላል።

ጋሼ፦ ይህ ገባኝ። ሁለተኛውስ?

ባለሙያዋ፦ ይህን ፋይል ይመልከቱ። መጨረሻ የተሻሻለው ጃንዋሪ 1 ቀን 1980 ነው ይላል።

ጋሼ፦ ይህማ በኛ ታኅሣሥ 1972 መሆኑ ነው! ያኔ እድሩ ኮምፒውተር ቀርቶ የጽሕፈት መኪናም አልነበረውም።

ባለሙያዋ፦ ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታህል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች፤ ሲአር 2032 ይሏታል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሳለ ሰዓቱን የምታስቆጥረው እርሷ ናት። ስትሞት መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ መነሻው ይመለሳል፤ አንዳንዱ ማዘርቦርድ ወደ 1980፣ አንዳንዱ ወደ ተሠራበት ዓመት። ቀኑን ሳያስተካክሉ ደብዳቤ ከጻፉ ደብዳቤው በዚያ ቀን ይመዘገባል። ካለፈው ቅኝት ወዲህ የተቀየሩትን ብቻ የሚያነብ ፕሮግራም ደግሞ እንዲህ ያለውን ፋይል ከድሮ ጀምሮ ያልተነካ አድርጎ ያልፈዋል። አንዳንድ የባክአፕ ፕሮግራሞችም እንደዚሁ ናቸው፤ አዲሱን ሥራዎን አሮጌ ነው ብለው ሳይገለብጡት ይቀራሉ።

ጋሼ፦ ቀኑን ማረም ይቻላል?

ባለሙያዋ፦ በፕሮግራም ይቻላል። ነገር ግን ትክክለኛው ቀን ማን ያውቀዋል? የሚያውቀው ደብዳቤው ራሱ ነው፤ በራስጌው ላይ ቀን ጽፈዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ባትሪዋን ቀይሬ ሰዓቱን አስተካክላለሁ፤ ከዚያ የደብዳቤውን ቀን በፋይሉ ስም ላይ እናስገባለን፤ ዓመቱ ፊት፣ ወሩ ቀጥሎ፣ ቀኑ መጨረሻ። እንዲህ ሲሆን በስም ሲደረደር በጊዜ ቅደም ተከተል ይደረደራል። የኮምፒውተሩ ሰዓት ቢዛባም የፋይሉ ስም አይዛባም።

ጋሼ፦ በየትኛው አቆጣጠር? እኔ የምጽፈው በኛው ነው።

ባለሙያዋ፦ በኛው ይሁን፤ ግን ዓ.ም. የሚለውን አይተዉት። የ2009ን ፋይል ሲፈልጉ ቀን በሚለው ላይ 2009ን መርጠው ነበር አይደል? ኮምፒውተሩ 2009 ሲባል የሚያስበው የፈረንጆቹን ነው፤ ያ ደግሞ በእኛ 2001 እና 2002 ነው። የእርስዎ 2009 ለእርሱ ከሴፕቴምበር 2016 እስከ ሴፕቴምበር 2017 ያለው ነው። ማውጫው ደኅና ቢሆን እንኳ በዚያ መንገድ አያገኙትም ነበር።

ጋሼ፦ ስምንት ዓመት ወደኋላ ሄጄ እፈልግ ነበር ማለት ነው። እሺ፤ ሌላም የሚገርመኝ አለ። አንዳንዱን ደብዳቤ ስፈልግ ጸሐፊው ብሎ የሚያወጣልኝ ከእኔ በፊት የነበሩትን ጸሐፊ ስም ነው። እርሳቸው ካረፉ ስንት ዓመታቸው! ደብዳቤው የተጻፈው ደግሞ ዓምና ነው።

ባለሙያዋ፦ አዲስ ደብዳቤ ሲጽፉ ከባዶ ገጽ ይጀምራሉ ወይስ የድሮውን ከፍተው?

ጋሼ፦ የድሮውን ከፍቼ፣ ቀኑንና ስሙን ቀይሬ፣ በሌላ ስም አስቀምጠዋለሁ። ማኅተሙም አርማውም ተስተካክሎ የተቀመጠበት ስለሆነ።

ባለሙያዋ፦ አገር ምድሩ የሚያደርገው እንደዚያ ነው። ነገር ግን ገጹ ላይ ከሚታየው ሌላ፣ ወርድ በፋይሉ ውስጥ የሚይዛቸው መስኮች አሉ፤ ርዕስ፣ ጸሐፊ፣ መሥሪያ ቤት፣ የተፈጠረበት ቀን። በሌላ ስም ሲያስቀምጡት ጸሐፊውና ርዕሱ እንዳሉ ይሻገራሉ። ይኸውልዎ፣ ይህን ፋይል ልክፈተው። ስሙ የወይዘሮዋ የሐዘን ማስታወቂያ ነው፤ ርዕስ የሚለው መስክ ግን የድንኳን ግዢ ጥያቄ ይላል። ወደ ፒዲኤፍ ሲቀየርም ያ ርዕስ አብሮ ሊሄድ ይችላል፤ የተላከለት ሰው ሲከፍተው ከላይ የሚያነበው የድንኳን ግዢ የሚለውን ይሆናል።

ጋሼ፦ ይህማ ለሐዘንተኛው ቤተሰብ ተልኳል!

ባለሙያዋ፦ ከእንግዲህ እንዳይደገም አርማውና ማኅተሙ ብቻ ያለበት ባዶ ቅጽ አዘጋጅልዎታለሁ፤ ርዕስና ጸሐፊ የሚሉት መስኮች ባዶ ይሆናሉ። የተጻፉትን ደግሞ እናርማቸዋለን። ፋይሉን በቀኝ ተጭነው ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ዲቴይልስ የሚለውን ቢከፍቱ መስኮቹን እዚያ ያገኛሉ፤ ማረምም ማጥፋትም ይቻላል። ስሕተት ከሚያስነብብ መስክ ባዶ መስክ ይሻላል፤ ባዶው ማንንም አያሳስትም።

ጋሼ፦ መዝገብ ቤት ስገባ የተማርሁት ይኸንኑ ነው። ያላረጋገጥኸውን አትጻፍ፣ ቦታውን ክፍት ተው ይሉን ነበር።

ባለሙያዋ፦ አሁን ወደ ከባዱ እንሂድ። ይህ ፎልደር ውስጥ ያሉት ከ1990ዎቹ ይመስሉኛል።

ጋሼ፦ አዎን፣ የእድሩ መተዳደሪያ ደንብና የመጀመሪያዎቹ አባላት ዝርዝር ነው። በቪዥዋል ግእዝ ነበር የተጻፈው። ስከፍተው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ተዘባርቆ ይወጣል። ተበላሽቷል ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር።

ባለሙያዋ፦ አልተበላሸም። የግእዝ ፊደል ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ ፕሮግራም የሠሩ ሰዎች ምርጫ አልነበራቸውም፤ ለላቲን ፊደላት በተመደቡት ቁጥሮች ላይ የግእዝን ቅርጽ አስቀመጡ። አንድ ፎንት ከ256 የሚበልጥ ቦታ አልነበረውም፤ የኛ ፊደል ከነዲቃሎቹ፣ ከነቁጥሮቹና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ ፊደሉን በሁለት በሦስት ፎንት የከፈሉም ነበሩ። ፎንቱ ኮምፒውተሩ ላይ እስካለ ድረስ ዓይን አማርኛ ያነባል። ማውጫው ግን ቅርጹን አያይም፣ ቁጥሩን ነው የሚመዘግበው። በእርሱ ዘንድ ይህ ደንብ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ነው። «መዋጮ» ብለው ቢፈልጉ ሺህ ጊዜ ቢጻፍበትም አያገኘውም።

ጋሼ፦ መፍትሔ አለው?

ባለሙያዋ፦ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ግን የተጻፈበትን ፎንት በትክክል ማወቅ አለባቸው። አንዱ ቁጥር በዚህ ፎንት አንድ ፊደል፣ በሌላው ሌላ ፊደል ነውና። ደግነቱ የወርድ ፋይል የፎንቱን ስም በውስጡ ይይዛል፤ ፎንቱ ባይኖርም ስሙ አለ። ዋናውን ሳንነካ ቅጂውን እንቀይራለን፤ ከዚያ እርስዎ ቁጭ ብለው የሰው ስምና የገንዘብ መጠን ያለበትን መስመር ሁሉ ከወረቀቱ ጋር ያመሳክሩታል። ይህን ለማሽን አንተውም።

ጋሼ፦ ስካን ያደረግኋቸውስ? ብዙ የድሮ ደረሰኝና ቃለ ጉባኤ በስካነር አስገብቻለሁ።

ባለሙያዋ፦ እነርሱ ሥዕል ናቸው፤ ማውጫው በውስጣቸው ቃል አያይም። ከሥዕል ላይ ጽሑፍ የሚለቅም ቴሰራክት የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ አማርኛም ያነባል። የታተመ ገጽ ላይ ይረዳል፤ በእጅ የተጻፈውን ግን አያነብልንም። ለእጅ ጽሑፉ ጥሩ የፋይል ስም መስጠት ይበቃል።

ጋሼ፦ ስም ካነሣሽ አይቀር፣ የከተማችን ስም ራሱ ያስቸግረኛል። አንዱ ደብዳቤ አዋሳ ይላል፣ አንዱ ሀዋሳ፣ አንዱ ሐዋሳ፣ አንዱ ሃዋሳ።

ባለሙያዋ፦ ለሰው አራቱም አንድ ከተማ ናቸው፤ ለማውጫው አራት የተለያዩ ቃላት። ኃይሌና ሀይሌም፣ ሠናይትና ሰናይትም እንደዚያው። ይህ የማውጫው ብልሽት አይደለም፤ ፕሮግራሙ ሲሠራ የኛን ድምፀ ተመሳሳይ ፊደላት ማንም አላሰበባቸውም። ለአማርኛ ተብለው የሚሠሩ መፈለጊያዎች እነዚህን ወደ አንድ ፊደል ሰብስበው ያመሳክራሉ፤ በተራው ኮምፒውተር ላይ ያለው ግን ይህን አያደርግም። ሰነዱ ውስጥ ያለውን የሰው ስም ባለቤቱ እንደጻፈው እንተወው። በፋይሉ ስም ላይ ግን አንድ አጻጻፍ እንምረጥና እንጽና።

ጋሼ፦ የአባላቱን ስም አጻጻፍ ከመታወቂያቸው ላይ እወስዳለሁ። ለከተማው ሀዋሳ የሚለውን።

ባለሙያዋ፦ ጥሩ ነው። አንድ የቀረ ነገር አለ። አንዳንድ ጊዜ ማውጫው ሥራ ጀምሮ አንድ ቦታ ሲደርስ ይቆማል፤ እንደገና ሲጀምሩት እዚያው ቦታ ላይ ይቆማል። ያን ጊዜ አንድ የተበላሸ ፋይል እያነቀው ነው። ግማሹን ፎልደር ከማውጫው አስወጥቶ ማየት ነው፤ ከሠራ ችግሩ በወጣው ግማሽ ውስጥ ነው። ያንን ደግሞ በግማሹ እየከፈሉ ሲሄዱ ሺህ ፋይል ቢኖር እንኳ በዐሥር ዙር አንዱ ላይ ይደርሳሉ።

ጋሼ፦ አንድ ፋይል ይህን ያህል ጉልበት አለው?

ባለሙያዋ፦ ከዚያም በላይ። በኦክቶበር 2023 ኬቪን ባክሃውስ የተባለ የጊትሃብ የደኅንነት ተመራማሪ በሊኑክስ ላይ አንድ አደገኛ ቀዳዳ አሳይቷል። የሙዚቃ ሲዲን ዝርዝር የሚይዝ ኪው የሚባል ትንሽ የጽሑፍ ፋይል አለ። ሆን ተብሎ የተበላሸ ኪው ፋይል አንድ ሰው ካወረደ፣ የጂኖም ማውጫ ሠሪ ሜታዳታውን ሊያነብ ራሱ ይከፍተዋል፤ በዚያ ቅጽበት የጥቃት አድራሹ ኮድ ኮምፒውተሩ ላይ ይሠራል። ሰውዬው ፋይሉን አልከፈተውም፤ ማውረድ ብቻ ነው ያወረደው። ወዲያው ተጠግኗል፤ ግን ማውጫ ሠሪው የመጣውን ሁሉ የሚያነብ ስለሆነ ሶፍትዌሩን ማደስ ግድ እንደሆነ አስተምሮናል።

ጋሼ፦ እንግዲህ ሁሉን ሰማሁ። አሁን ሪቢልዱን ትጫኚያለሽ?

ባለሙያዋ፦ ከመጫኔ በፊት አንድ ጥያቄ። በማውጫው ወይም በሌላ ፕሮግራም ውስጥ ብቻ ያለ፣ ፋይሉ ላይ የሌለ የጻፉት ነገር አለ?

ጋሼ፦ ዲጂካም በሚባለው የፎቶ ፕሮግራም የእድሩን ፎቶዎች ሳስቀምጥ በየሰው ፊት ስሙን ጽፌያለሁ። ከመሥራቾቹ ብዙዎቹ አሁን የሉም፤ እነማን እንደሆኑ የማውቀው እኔና ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ ነን።

ባለሙያዋ፦ የሚያስፈራኝ ይህ ነው፣ ጋሼ። ማውጫ ቢጠፋ ይሠራል የምንለው ከፋይሉ ስለሚቀዳ ነው። የጻፉት ስም ግን በዲጂካም ዳታቤዝ ውስጥ ብቻ ከሆነ ቅጂ የለውም፤ ዋናው እርሱ ነው። ያ ዳታቤዝ ከጠፋ ፎቶው ይቀራል፣ ስሙ ይሄዳል። ደግነቱ ዲጂካም የተጻፈውን ወደ ፎቶው ፋይል ራሱ እንዲያስገባ የሚያደርግ ምርጫ አለው። መጀመሪያ ይህን እናድርግ። ስሙ ፎቶው ውስጥ ከገባ በኋላ ፎቶው ወደ የትም ቢገለበጥ ስሙ አብሮት ይሄዳል።

ጋሼ፦ እኛ ዘንድም ሁለት ዓይነት ሰው ነበር። አንዱ ውሳኔውን ፋይሉ ውስጥ አያይዞ መዝገቡ ላይ ያመለክታል፤ ሌላው መዝገቡ ኅዳግ ላይ ይጽፍና ፋይሉን ይዘጋል። መዝገቡ ሲያረጅና ሲቀየር የሁለተኛው ሰው ውሳኔ ሁሉ ጠፋ። መዋቅር በተቀየረ፣ መሥሪያ ቤት በተከፈለ ቁጥር ወደ አዲሱ ቢሮ የሚሄደው ፋይሉ ነው፤ መዝገቡ እዚያው ይቀራል። ይህች ከተማ ደግሞ መዋቅር ሲቀየር ብዙ አይታለች፤ ኅዳር 10 ቀን 2012 የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ፣ ሰኔ ላይ ሲዳማ ክልል ሆነ። ያን ጊዜ በእጁ የተሟላ ፋይል የነበረው ሰው አልተቸገረም።

ባለሙያዋ፦ ኮምፒውተርም ሲቀየር የሚሻገረው ፋይሉ ነው። ማውጫው አሮጌው ማሽን ላይ ይቀራል። ስለዚህ ይቆያል ብለው የሚያስቡትን ሁሉ ፋይሉ ውስጥና የፋይሉ ስም ላይ ያኑሩት፤ ማውጫው ላይ ደግሞ ቢጠፋ የማይጎዳዎትን ብቻ።

ጋሼ፦ መዳኑንስ በምን እናውቃለን?

ባለሙያዋ፦ መልሳቸውን የሚያውቋቸውን ጥቂት ጥያቄዎች ይስጡኝ። የ2009 ቃለ ጉባኤ፣ የመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ መዋጮ የሚለው ቃል፣ በስምዎ የጻፉት አንድ ደብዳቤ፣ ያጠፉት ያ ፋይል። ሥራው ሲያልቅ እነዚህን እንጠይቀዋለን። ሦስቱ መገኘት፣ አራተኛው አለመገኘት አለበት። ከሰነዶቹ አንዳንዶቹ ያሉበት ዲ የሚባለው ድራይቭ ማውጫው ከሚያነባቸው ቦታዎች ውስጥ አልገባም ነበር፤ እርሱንም አስገባለሁ፤ ስሙን ብቻ ሳይሆን ይዘቱንም እንዲያነብ። ሲሠራ ማሽኑን እኔ ዘንድ ይተዉት፤ ዩፒኤስ ላይ ስለሚሆን መብራት ቢጠፋም አይቋረጥም። እስኪጨርስ ድረስ የሚሰጠው መልስ ጎዶሎ ነውና በመሐል አይፍረዱበት።

ጋሼ፦ እኔም የቤት ሥራዬን ልያዝ። የደንቡን ቅጂ ከወረቀቱ ጋር አመሳክራለሁ። የፋይል ስም አሰጣጡን በአንድ ገጽ ጽፌ በሚመጣው ስብሰባ ለኮሚቴው አቀርባለሁ፤ ከእኔ በኋላ የሚመጣው ጸሐፊ ሳይጠይቀኝ ማግኘት አለበት። ሁለቱን ሽማግሌዎች ደግሞ እዚህ ይዤያቸው እመጣለሁ፤ ስማቸው ያልተጻፈ ፊቶች አሉ፤ እነርሱን ለይቶ የሚነግረን ሪቢልድ የለም።

ባለሙያዋ፦ ሽማግሌዎቹን ነገ ያምጧቸው፣ ጋሼ። ማውጫው ሊቆይ ይችላል፤ የሰው ትዝታ ግን ባክአፕ የለውምና ከእርሱ እንጀምር።